አሥራ አንድ ዓመት የዘገየ ድንጋይ

በደሴታችን፣ በዊንድዋርድ መንደር፣ ኦዝበርት ቤተልን የማይወድ የለም፤ የሚያምነውም የለም። ባሕር ላይ ከሆነ ነፍስህን አደራ ብትሰጠው ሳትሸራረፍ ይመልስልሃል። የብስ ላይ ወጥቶ «ነገ» ካለህ ግን ጋደም በል፣ ልጆችህን ዳር፣ የልጅ ልጅ እይ፣ ከዚያ ሄደህ ጠይቀው። እኔ ኢዮኒ የእናቱ የእህት ልጅ ነኝ፤ ጀልባው ላይ ምግብ ማብሰል ከጀመርኩ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለዚህ እሱን የማማት ፈቃድ ከሁለት ወገን አለኝ።

ጀልባዋን የሠራት በገዛ እጁ ነው። ባለ አንድ ምሰሶ የሸራ ጀልባ ናት፤ እዚሁ ባሕሩ ዳር ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ንድፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ተራራው ላይ ይወጣና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዛፉን ይዞረዋል። «ይቺ ቅርንጫፍ አራተኛዋ የግራ ጎድን ናት» ይላል። ቆርጦ ሲያመጣት ልክክ ትላለች። አባቱም አያቱም እንዲሁ ነበሩ። ስሟን ያወጣችላት እናቱ እማማ ዩዲን ናት። ጀልባዋን ሲሠራ ምሳ ቀርቦ ስትጣራ «መጣሁ!» ይላታል፤ ምሳው እራት ይሆናል። ጀልባዋ ባሕር የምትገባበት ቀን ቄሱ «ስሟ ማን ይባል?» ቢል፣ እማማ ዩዲን «መጣሁ በላት፤ ሌላ ቃል አያውቅም» አለችው። እስከ ዛሬ ድረስ በነጭ ቀለም «መጣሁ» የሚል ጽሑፍ ከኋላዋ አለ። ይዘናቸው የምንዞረው ቱሪስቶች በጣም ይወዱታል።

እማማ ዩዲን ልጇ ባሕር በገባ ቁጥር ዳርቻው ላይ የተገለበጠ ታንኳ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሸራው ከመንደሩ ፊት ባለው የኮራል አለት በኩል ብቅ እስኪል ትጠብቅ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሞልቶትም አልተወችውም። «ሽበት ያወጣ ልጅ ይጠበቃል ወይ?» ብለን ስንስቅባት፣ «እናንተ ሳቁ፤ ይሄ ልጅ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ አይመጣም» ትለን ነበር። የሞተችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እሱ ቱሪስቶች ይዞ ቤኪያ ደሴት ሳለ ነው። ሲደርስ የመቃብሯ አፈር ደርቆ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ይቀበራል እንጂ አይሸኝም። የሚሸኘው ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ መቃብሩ ላይ ሲተከል ነው። አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ቢሆን የቤተሰቡ አቅም እስኪደርስ ይጠበቃል። ድንጋዩ ሲመጣ በሟቹ አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ አንድ ሌሊት ያድራል፤ በማግስቱ በግ ይታረዳል፣ ከበሮ ይመታል፣ ድንጋዩ ይተከላል። ሟቹም ከዚያ በኋላ ያርፋል፤ በየሰው ቤት መመላለሱን ያቆማል።

ታዲያ እማማ ዩዲን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ አልነበራትም። በመጀመሪያው ዓመት የጀልባዋ ሸራ ተቀደደ። በሁለተኛው አውሎ ነፋስ መጣ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ከዚያ ምሰሶው ነቀዘ፣ ከዚያ የእሱን ወገብ አመመው፣ ከዚያ ጥሩ ድንጋይ ጠራቢ ጠፋ። መንደሩ «ለጀልባው አዲስ ምሰሶ፣ ለእናቱ ባዶ አፈር» እያለ ያማው ጀመር። እማማ ዩዲንም ዝም አላለችም፤ በየሰው ሕልም እየገባች ዝናቡ እንደሚወርድባት ትናገራለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ ሄዳለች፣ አስተማሪው ጋ ሄዳለች፣ እኔ ጋ ሁለት ጊዜ መጥታለች። እሱ ጋ ብቻ አልሄደችም። እሷንም «ነገ» ብሎ እንደሚቀጥራት ታውቃለች።

ዘንድሮ እህቱ ክሌሚ በቃኝ አለች። ክሌሚ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን ወፍራም ነው። ድንጋዩን ራሷ ትሪኒዳድ አዘዘች፣ ቀኑን ራሷ ቆረጠች፣ ባሕር ማዶ ብሩክሊንና ሃደርስፊልድ ያሉትን ዘመዶች ሁሉ ራሷ ጠራች። ለወንድሟ የተረፈው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ዕቃ ጫኙ መርከብ ድንጋዩን ከሲሚንቶ ጋር ማዶ ፔቲ ማርቲኒክ ደሴት ላይ አራግፎት ሄዷል፤ ሰው አመላላሹ ጀልባ «የሙት ዕቃ ከመንገደኛ ጋር አልጭንም» ብሏል፤ ስለዚህ ኦዝበርት ሄዶ ያመጣዋል። በጥሩ ነፋስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

«አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንጋዩ እማማ አልጋ ላይ ካልተኛ፣ እህት አለኝ ብለህ እንዳትጠራኝ» አለችው። ከጨለመ በኋላ ድንጋይ ቤት አይገባም፤ ደጅ ያደረ ድንጋይ ደግሞ አይተከልም፣ ለዓመት ይቆያል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ድንጋዩ ሰኞ ደረሰ። ኦዝበርት ማክሰኞ «ነገ» አለ። ረቡዕ «ነገ» አለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ፣ አርብ ቀኑን ሙሉ ጀልባዋን ለብቻቸው የተከራዩ ባልና ሚስት ፈረንጆች እንዳሉ ነገረኝ።

«አርብ?» አልኩት። «አርብ ምን እንዳለ ጠፋህ?»

«አልጠፋኝም። እነሱን እያዝናናን ድንጋዩን እንጭናለን።»

«ፈረንጆቹን በሬሳ ዕቃ ላይ ልታዝናና ነው?»

«እሱን ማን ይነግራቸዋል?» አለና መረቡን መጠገን ቀጠለ። ድንጋዩን የሚሸከም ሌላ ጀልባ ደግሞ የለንም።

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ባልየው ሬይመንድ ይባላል፣ ካናዳ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ድልድይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። ሚስቱ ማርጎ ትባላለች፤ ባርኔጣዋ ብቻውን አንድ ሰው ያህል ቦታ ይይዛል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ችግራቸው አንድ ነው፤ «እውነተኛውን የደሴት ኑሮ» ማየት ይፈልጋሉ። ይህን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ነገሩን።

«ካፒቴን፣ የጀልባዋን ንድፍ ማየት እችላለሁ?» አለ ሬይመንድ፣ ጎድኖቿን እያንኳኳ።

«ንድፉ ተራራው ላይ ነው» አለው ኦዝበርት።

«ቢሮው ተራራ ላይ ነው?»

«ገና ያልተቆረጠው ዛፍ ነው ማለቴ ነው።»

ሬይመንድ ጥቂት አሰበና ማስታወሻ ያዘ። «ሞተሩስ የት ነው?»

ኦዝበርት በአገጩ ወደ ሰማይ አመለከተው። ሞተር የመጠበቅ ችሎታ የሌለው ሰው ዕቃ ነው ይላል፤ በመጠበቅና በማስጠበቅ ደግሞ እሱን የሚያህል የለም። «መጣሁ» በሞተር ተገፍታም ተጎትታም አታውቅም፤ የአጎታችን ልጅ ከትበርት አዲሱን የሞተር ጀልባውን ያመጣ ቀን ይህንኑ መንደር ሙሉ ሰው ፊት ነግሮ አሳፍሮታል።

ነፋሱ ጥሩ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፔቲ ማርቲኒክ ደረስን። ድንጋዩ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር። አራት ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው ተሸከሙት፤ ከጀልባዋ ወለል መሐል አጋደሙት። አንዱ ሽማግሌ ከኪሱ ጠርሙስ አውጥቶ ጆንያው ላይ ጠብ አደረገለት። ጃክ አይረን ነው፣ በረዶ ብትጥልበት የሚሰምጥበት የእኛ ሩም፣ የሸንኮራ አረቄ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ማርጎ።

ጀልባ ላይ የሙትና የመቃብር ስም አይጠራም። ከአፍ ካልወጣ ባሕሩ አይሰማም እንላለን። ለኦዝበርት ደግሞ ልማዱም ባይኖር ውሸት አይቸግረውም።

«የሚዛን ድንጋይ ነው፣ እመቤቴ። ነፋሱ ሲበረታ ጀልባዋ እንዳትዘነብል ነው።»

«ሩሙስ?»

«ድንጋዩ እንዳይዝግ ነው።»

ሬይመንድ ይህንንም ጻፈው።

ማርጎ ወዲያው ድንጋዩ ላይ ፎጣዋን አነጠፈችና ጉብ አለችበት። አክስቴ በሕይወት ሳለች ወንበሯ ላይ የሚቀመጥባትን ሰው በመጥረጊያ ታባርር ነበር። ይቺ ግን ክሬም እየተቀባች፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ «እንዴት ደስ የሚል ቅዝቃዜ አለው!» ትላለች። ኦዝበርት መሪውን ይዞ አድማሱን ያያል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ሳቅ ያዘኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ።

ከዚያ ጃንጥላ የምታህል የሣር ዳስ ብቻ ወዳለባት ደረቅ የአሸዋ ደሴት ሄድን። መልሕቅ ጣልን፤ ፈረንጆቹ ዋኙ፣ እኔ ምሳ ሠራሁ። የተጠበሰ ሎብስተር፣ የላምቢ ቀንድ አውጣ ወጥ፣ የዳቦ ፍሬ በኮኮናት። ጀልባዋ ላይ ለገበታ የሚሆን ደልዳላ ቦታ ያው የምታውቁት ድንጋይ ነው። የገበታ ጨርቁን አለበስኩትና መጀመሪያ አንድ ሙሉ ሳህን ሞልቼ ራስጌው በኩል አስቀመጥኩ። ለሟች ሳይቀርብ የሚበላ የለም፤ በዋዜማዋ ደግሞ እንዴት ተደርጎ?

ሬይመንድ ከውኃው ወጣ፣ ራሱን አራገፈ፣ «ይሄ የእኔ ነው?» አለና ያንኑ ሳህን አንስቶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በላው። ኦዝበርት ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲል ታነቀ። «ተወው፣ እሷም እንግዳ ሳታበላ የዋለችበት ቀን የለም» ብዬ ሹክ አልኩትና ሌላ ሳህን ሞላሁ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። «እንሂድ» በሚል ዓይን ኦዝበርትን አየሁት። ስምንት ተኩል ሆነ። ሄጄ ጆሮው ሥር፣ «አንተ ሰው፣ ክሌሚ አልጋ አንጥፋ ነው የምትጠብቀው» አልኩት።

«እንግዶቹ እየዋኙ ነው።»

«ጥራቸዋ።»

ጠራቸው። ሬይመንድ ጭንቅላቱን ከውኃው አውጥቶ፣ «ካፒቴን፣ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ የኛ ነው ተባብለናል» አለ። ትክክል ነው፤ ተባብለዋል። «በጥድፊያ የሚኖር ሰው መሆን ሰልችቶኝ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። እናንተ እኮ አትቸኩሉም!»

ኦዝበርት ዕድሜ ልኩን ያስተማረውን ትምህርት ነው ፈረንጁ የሚያነብለት። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ኦዝበርት የተጨነቀ አይመስልም ነበር። ፀሐይዋ ባዘቀዘቀች ቁጥር ፊቱ እየቀለለ ይሄዳል። እሱ ያልቸኮለበትን ነገር እኔ ምን አቃጠለኝ እያልኩ ሳህኖቹን እንደ ጠላት አጠብኳቸው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መልሕቅ አነሣን። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ጥቁር ዝናብ መጥቶ አረጠበንና ሲሄድ ነፋሱን ይዞት ሄደ። መስከረም ላይ እንዲህ ያደርጋል። ሸራው እንደ ታጠበ ልብስ ዝርግፍ አለ። ባሕሩ ዘይት መሰለ። ከታች ያለው ውኃ ግን አልቆመም፤ መንደራችንን በግራ ትቶ ወደ ሰሜን ቀስ እያለ ይወስደን ጀመር። የእማማ ዩዲን ቤት ቀይ ጣሪያ ይታየኛል፤ ከቤቱ ደጅ የሰው መአት ይታየኛል።

ስልኬን አወጣሁና ከትበርት ጋ ደወልኩ። «ከትበርት፣ ነፋስ ጠፍቶ መሐል ላይ ቆመናል። ድንጋዩ ከኛ ጋር ነው። በሞተርህ ና ጎትተን።»

«ኢዮኒ፣ አንቺንም አስተማረሽ?» አለኝ። «አንድ ጊዜ ወገቡ ነበር። ዘንድሮ ነፋስ ነው?»

«በእማማ ዩዲን አፈር!»

«እሷን እንኳ ተያት፣ አፈር ብቻ አይደል ያላት? ስሚ፣ መጥቼ እንድጎትተው ይፈልጋል? ከትበርት ነገ ይመጣል በይው።» ዘጋው።

ቀረኝ የምለው ሰው አልነበረም። እውነቱን ተናገርን፣ የሚያምነን ግን ጠፋ።

ኦዝበርት ሁለቱን ረጃጅም መቅዘፊያዎች አወጣ። አንዱን እሱ፣ አንዱን ሬይመንድ ያዙ። ሬይመንድ ደስ ብሎት ነበር፤ «ይሄ ነው እውነተኛው!» እያለ ለአሥር ደቂቃ ቀዘፈ። ከዚያ መዳፉ ውኃ ቋጠረ፣ ከዚያ ጣሪያው ምን ያህል እንደቀረበ ቀና ብሎ አየ። አልቀረበም። መቅዘፊያውን አስቀመጠና መሐንዲስነቱ ተነሣበት።

«ካፒቴን፣ ይህ የሚዛን ድንጋይ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«አልመዘንኩትም።»

«ሁለት መቶ ይሆናል። ነፋስ ሲበረታ ነው የሚያስፈልገው ብለሃል። አሁን ነፋስ የለም። ታዲያ ሁለት መቶ ኪሎ ለምን እንቀዝፋለን?» ማርጎን ከድንጋዩ ላይ አስነሣት። «ወደ ባሕር እንጣለው።»

እንከን የሌለው ስሌት ነው፤ ከንግግሩ ውስጥ የሚቃና አንድ ነገር የለም።

«አይጣልም» አለ ኦዝበርት።

«ለምን?»

«ጥሩ ድንጋይ ነው።»

«ዳርቻችሁ ላይ ያለው ድንጋይ ብቻ ድልድይ ያሠራል! ከፈለግህ እኔ እገዛልሃለሁ።» አለና ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይፈታ ጀመር። ሰውዬው ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነው፣ ጉልበቱ ግን አለ። ጀርባውን ለጀልባዋ ግድግዳ ሰጠ፣ ሁለት እግሩን ድንጋዩ ላይ አደረገ፣ ገፋ። ድንጋዩ አንድ ስንዝር ያህል ተንሸራተተ። ጀልባዋ ወደዚያው አጋደለች። እንደገና ገፋ፤ የድንጋዩ ጫፍ ለዕቃ መጫኛ ክፍት የተተወውን የጀልባዋን ጠርዝ ነካ።

ኦዝበርትን አየሁት። ቆሟል። እጁን አላነሣም፣ አፉን አልከፈተም። እምላለሁ፣ ሰውዬው ድንጋዩን እያየ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። አንድ ግፊት ብቻ ቀርቷል፤ ከዚያ ማንም የማይወቅሰው ሰበብ ይኖረዋል። ፈረንጅ ነው የጣለው፣ ባሕር ነው የበላው። ሌላ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት።

«ኦዝበርት!» አልኩ። «አፍህን ክፈት፣ አለዚያ ከነድንጋዩ እኔ ነኝ የምጥልህ።»

«ተው» አለ፣ በቀስታ። ሬይመንድ ቀና አለ። «ተው፣ እናቴ ናት።»

ማርጎ ባርኔጣዋን አወለቀች። ከዚያ ባዶ ጭኗን አየችና ፎጣውን ወገቧ ላይ ጠቀለለች። ሬይመንድ እግሩን ከድንጋዩ ላይ አንድ በአንድ አነሣ። የቀረውን እኔ ነገርኳቸው፤ መቃብሩን፣ አልጋውን፣ የፀሐይዋን ነገር። ባሕሩ እንደሆነ አንዴ ሰምቷል።

«እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ…» አለች ማርጎ፣ ወደ ድንጋዩ እያየች።

«ብርድ ብርድ ይላት ነበር፣ አሙቀሻታል» አልኳት።

«ምሳውስ?» አለ ሬይመንድ።

«የበላኸው የእሷን ነው።» ሁሉም በአንድ ቀን ይውጣ ብዬ ነው።

ሬይመንድ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። ከዚያ ምንም ሳይል ድንጋዩን ወደ መሐል መለሰው፣ ገመዱን እንደነበረው አሰረው፤ የድልድይ ሰው ቋጠሮ ነበር። መቅዘፊያውን አነሣ። «ፀሐይዋ ስትጠልቅ ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«አሥራ ሁለት ከአሥር» አልኩ።

«አንድ ሰዓት ከሩብ አለን። ካፒቴን፣ ያዝ እንጂ!»

ቀዘፍን። ወንዶቹ ሲደክሙ እኔና ማርጎ ተቀበልን። ማርጎ የልብስ መደብር ሰው ናት፣ ክንዷ እንደ ሸንበቆ ነው፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ትቀዝፋለች። ውኃው ወደ ሰሜን ይጎትተናል፣ እኛ ወደ ቤት እንጎትታለን። ኦዝበርት ሬይመንድን «እርስዎ» ማለት ተወ። «ጥልቅ አታድርገው አንተ፣ ሾርባ መሰለህ እንዴ?» ይለዋል፤ ሬይመንድም «እሺ» ይላል። ለአንድ ቀን መዝናኛ ብሎ ከፍሎ የሰው እናት ሽኝት ውስጥ የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከሁለቱም ወንዶች መዳፍ ደም ሲወጣ አየሁና ጨርቅ ሰጠኋቸው።

ኮራሉ አለት ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ከባሕሩ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር። ያኔ መንደሩ አየን። ሸራዋ ወርዶ፣ ኦዝበርት ቤተልና አንድ ቀይ ፈረንጅ ጎን ለጎን ሲቀዝፉ ሲያዩ ያልተገባ ነገር ያዩ መሰላቸው፤ ለትንሽ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ከዚያ ከትበርት ከነልብሱ ውኃው ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጀልባዋን በእጃቸው እየገፉ አሸዋው ላይ አወጧት። ከትበርት ዓይን ዓይኔን አላየም፤ እኔም ለሌላ ቀን አቆየሁለት።

ስድስት ሆነው ድንጋዩን ተሸከሙት። ሰባተኛው ሬይመንድ ነበር፤ ማንም አልጠራውም፣ ማንም «ተው» አላለውም። ክሌሚ በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ፀሐይዋን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ከበሩ ዘወር አለች። ድንጋዩ ደፉን ሲሻገር ግማሽ ፀሐይ ባሕሩ ላይ ነበረች።

አልጋው ላይ አጋደሙት። ክሌሚ ጆንያውን በመቀስ ቆረጠች፤ ነጭ እብነበረድ ነው፣ የእማማ ዩዲን ስም በላዩ ላይ አለ። ሩምና ውኃ ጠብ ጠብ ተደረገ። ሰዎቹ ወጥተው ክሌሚ፣ ኦዝበርትና እኔ ቀረን። ክሌሚ አንሶላውን ዘርግታ አንዱን ጫፍ ለወንድሟ ሰጠችው። አልሳበውም። ጫፉን በደማ መዳፉ ይዞ ቆመ።

«ነፋስ ጠፍቶብኝ ነው የዘገየሁት፣ እማማ» አለ ለድንጋዩ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?» አለች ክሌሚ። «አሥራ አንድ ዓመት ነፋስ አልነበረም? ሰው ሲያማህ እኔ ነኝ የምሰማው። ጀልባህን ከእናትህ አስበልጠሃል ሲሉኝ መልስ አጥቼ ነው የኖርኩት። ዛሬ እንኳ እውነቱን ተናገር።»

ውጭ ሬይመንድ በጉን ማን እንደሚያርደው ሲጠይቅ ይሰማል።

«እስካሁን እኮ እየጠበቀችኝ ነበር» አለ ኦዝበርት። «አላረፈችም ትላላችሁ። አዎ፣ አላረፈችም፤ እየጠበቀችኝ ነበር። በኮራሉ በኩል ስዞር ሁልጊዜ አውቀዋለሁ። ነገ ይሄ ተጭኖባት ካረፈች በኋላ፣ ስዘገይ ማን ነው የሚጠብቀኝ?»

አሥራ አንድ ዓመት ያማሁት እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ክሌሚ ለመጮኽ የያዘችውን ትንፋሽ ቀስ ብላ ለቀቀችው። አልጋውን ዞራ መጣችና አጠገቡ ቆመች፤ እሱ በያዘው ጫፍ ላይ እጇን አደረገች። «ሳብ» አለችው። ሁለቱም አብረው ሳቡ፣ አንሶላውም ስሟን ሸፈነው።